ስንት ሚሊ ወታደር ልግዛ? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጦር ጠረጴዛ ላይ ለሚያሰልፍ ሰው

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቡና ልጠጣ ብለው ጎራ አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ የደረደርኳቸውን ትንንሽ የጨዋታ ወታደሮች መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አንዱን በሁለት ጣታቸው አነሱና «ይሄ የማን ጦር ነው?» አሉኝ።

«የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የጎጃም» አልኳቸው በኩራት።

«ታዲያ ሃምሳውም እኩል ግራ እግራቸውን እንዲያነሱ ማን አሰልጥኗቸው ነው?»

ሳቅሁ። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሣጥኑ ውስጥ ሃምሳ ወታደር አለ፣ የአቋቋሙ ዓይነት ግን ስድስት ብቻ ነው። የፈረንሳይ ወይም የእንግሊዝ እግረኛ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። እነሱ በአንድ ልብስና በአንድ እርምጃ የሚሄዱ ናቸው። የኛ ሰው እንደዚያ አልዘመተም። አንዱ ለምድ ደርቧል፣ አንዱ ነጠላውን አጣፍቷል። አንዱ ውጅግራ ተሸክሟል፣ አጠገቡ ያለው ጦርና ጋሻ ይዟል። ሻሽ ያሰረ አለ፣ ራሱን ያልሸፈነ አለ። ጫማ ያደረገ ብትፈልጉ ግን ብዙ ትደክማላችሁ።

ስለዚህ «የትኛው መጠን ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የውጭ ሰብሳቢዎች የሚሰጡት መልስ ለኛ እንዳለ አይሠራም። እነሱ የሚያስቡት ዩኒፎርም ለለበሰ ጦር ነው። እኔ እዚህ ባሕር ዳር ተቀምጬ አራት ዓመት ገንዘቤን ካባከንኩ በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ፦ ዋርጌም ማለት ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች፣ በሜትርና በዳይስ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነው። ወታደሮቹ ሚኒያቸር ይባላሉ። ጨዋታው ራሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። ፎን ራይስቪትስ የሚባሉ ፕሩሲያዊ አባትና ልጅ ናቸው መልክ ያስያዙት። ልጁ በ1824 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የፕሩሲያ ጦር ለመኮንኖቹ ማሰልጠኛ ወሰደው። እኛ ጋ ሲደርስ የእሁድ ከሰዓት ጨዋታ ሆኗል።

መጀመሪያ ጦርነቱን ምረጡ

ብዙ ሰው መጠኑን መርጦ ከዚያ ጦርነት ይፈልጋል። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግሁት። ተገላቢጦሹ ነው ትክክሉ።

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዓድዋ ነው። ልብ የሚለውን ማን ይከለክለዋል? ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ያሰለፈው ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበር። የኛ ወገን ብዙ ጊዜ 100,000 ያህል ተብሎ ይገመታል። አንዱ ሚኒያቸር 100 ሰው ይወክል ብንል እንኳ 177 ጣሊያንና አስካሪ (ለጣሊያን ያደረ የአገሬው ወታደር)፣ 1,000 ኢትዮጵያዊ ያስፈልጋል። አንድ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ወታደር ወደ 10 ግራም ይመዝናል። ተደምሮ ወደ 12 ኪሎ ብረት ማለት ነው። ቀለሙን ገና አልጀመርንም።

ሌላው ጣጣ ደግሞ የዓድዋን ጣሊያንና አስካሪ የሚሠራው አምራች ጥቂት መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ የሚቀልሉ ጦርነቶች አሉን።

እምባቦን አስቡት። ግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ተጋጠሙ፣ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ለሰብሳቢ ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሰው ነውና! አንድ ዓይነት ሣጥን ገዝታችሁ ለሁለት ትካፈሉታላችሁ። ወገኑን ወታደሮቹ በተለጠፉበት መቆሚያ ጠርዝ ቀለም መለየት ይቻላል። የሸዋን ፈረሰኛ ግን አትርሱ፣ ራስ ጎበና ያለ ፈረስ አይታሰቡም። ጎጃሜ ሆኖ እምባቦን መጫወት ደስ አይል ይሆናል። ዳይሱ ግን አንዳንዴ ታሪክ ያርማል።

ሣር ውኃ ደግሞ ለኛ ለጣና ልጆች ቅርብ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ደምቢያ ላይ። ጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሐምዳን አቡ አንጃ በሚመራው የሱዳን ማህዲስት (ድርቡሽ) ጦር ተሸነፉ፣ ጎንደርም ተቃጠለች። ከዓመት በኋላ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ ወደቁ። ታሪኩ መራራ ነው። ለገዢ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ማህዲስቶች በሽ ናቸው። የእንግሊዝና የሱዳን ጦርነት በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ስለሚወደድ የድርቡሽ ወታደር በብረትም በፕላስቲክም በብዙ መጠን ይሸጣል። ፔሪ የሚባሉት እንግሊዛውያን መንትያ ወንድማማቾች በ28 ሚሊ የሚሠሩት የሱዳን ስብስብ በሙያው የታወቀ ነው። ስለዚህ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ የቀረው የራስን ወገን ማሟላት ነው።

ጉንደትና ጉራም እንደዚያው ናቸው። በ1868 ዓ.ም. የመጣው የግብፅ ጦር ሬሚንግተን ጠብመንጃ የታጠቀ ነበር፣ በውስጡም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖች ያገለግሉ ነበር። ዊልያም ሎሪንግ የሚባለው የደቡቦቹ ጄኔራል ጉራ ላይ ነበር። ግብፆቹን ከሱዳን ስብስቦች ታገኛላችሁ፣ ለሎሪንግ ደግሞ ከአሜሪካው ጦርነት ሣጥን አንድ ጢማም መኮንን ወስዳችሁ ታርቡሽ ታደርጉለታላችሁ። እኔ አድርጌዋለሁ። ያምርበታል።

ትንሽ ነገር ለሚፈልግ ዶጋሊ አለ። ጥር 18 ቀን 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር 500 ያህል ነበር። አንዱ ለአሥር ቢቆጠር 50 ጣሊያን ይበቃል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም።

መቅደላ? ደብረ ታቦር አጠገባችን ናት። ሴባስቶፖል የተቀለጠበት ጋፋት እዚያው ነው። ማን ይተወዋል? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ቦታ የሆነው ግን ለጨዋታ አይመችም። እንግሊዞቹ ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ጠብመንጃ ይዘው ነበር፤ ኋላ እኛ «ስናድር» ያልነው። ከሮኬቱም ጋር ውጊያው አንድ ወገን ብቻ የሚጨርስበት ሆነ፣ ፊታውራሪ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። የቴዎድሮስን ወገን የያዘ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬሳ ሲያነሳ ይውላል። ዝሆኖቹ ግን! የእንግሊዞቹ አዛዥ ናፒየር ከህንድ 44 ዝሆን አምጥቶ መድፍ አስጭኗል። ዝሆን መቀባት ለሚወድ ሰው መቅደላ ገነት ነው።

28 ሚሊ፦ ዓይን የሚሞላ፣ ኪስ የሚያጎድል

አሁን ወደ መጠኑ። 28 ሚሊ ማለት በግምት የወታደሩ ቁመት ነው። «በግምት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዱ አምራች ከእግር እስከ ዓይን ይለካል፣ አንዳንዱ እስከ ራስ ጫፍ። አንዱ ቀጠን ያለ እውነተኛ ሰው ይቀርፃል፣ ሌላው ትልቅ ጭንቅላትና እንደ ቡጢኛ ያበጠ እጅ ይሰጠዋል። ሁለቱን አንድ ሰልፍ ላይ ስታቆሙ አንዱ የሌላው ታናሽ ወንድም ይመስላል። ከሁለት አምራች የምትገዙ ከሆነ ከማስመሪያ ጋር የተነሣ ፎቶ ጠይቁ።

ይህ መጠን ፊት አለው። ጢም፣ የተቆጣ ግንባር፣ የጎፈሩ ፀጉር፣ በጋሻው ላይ ያለው የብር ጌጥ ሁሉ ይታያል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ያውቃል፤ በድሮ ሥዕሎቻችን ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ አለው። የዓድዋን ሥዕሎችም ብታዩ ጣሊያኖቹ በአብዛኛው በጎን ናቸው። 28 ሚሊ ላይ ሁለቱንም ዓይን መቀባት ይቻላል፣ ግዴታም ነው፤ ካልቀባችሁት ያፈጠጠ ቦታ ይተዋል። እኔ እንግዲህ ለማህዲስቶቹም ሁለት ዓይን ሰጥቻቸዋለሁ። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ይቅር ይበሉኝ።

ጉዳቱ ጊዜ ነው። አንዱ እኔን አንድ ምሽት ተኩል ይፈጅብኛል። ያንን የዓድዋ ሒሳብ በዚህ ብታባዙት ያለ በዓል፣ ያለ ሕመም፣ መብራት ሳይጠፋ አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የኛን ጦር ከሆነ የምትሠሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በዚህ መጠን መመሳሰል ወዲያው ያስታውቃል። ጋሼ በሁለት ጣት ያነሱት ይሄኛውን ቢሆን ኖሮ የባሰ ይሉ ነበር። በየአምራቹ ያለው ኢትዮጵያዊ ተዋጊ የአቋቋም ዓይነቱ ጥቂት ስለሆነ፣ ከ30 በላይ ስትገዙ መንታ ማየት ትጀምራላችሁ።

መፍትሔ አለው፣ እጅን ይጠይቃል እንጂ። ጦር የያዘውን ክንድ ቆርጦ አዙሮ መለጠፍ፣ ራስ መቀያየር፣ በደቃቅ ጭቃ ሻሽ ማሰር። ጋሻ ከፈለጋችሁ የሸሚዝ የአንገት ቁልፍ ተጠቀሙ። የኛ ጋሻ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ በ28 ሚሊ ሲሰላ 9 ሚሊ ይሆናል፤ የአንገት ቁልፍም ያው ነው። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ኮላ ሙሉና መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ የኮላ ጠብታ ጣል አድርጉ። ሲደርቅ እንደ ጋሻው እምብርት ጉብ ብሎ ይቀራል። ቡናማ ቀቡት፣ በብር ቀለም ሁለት ሦስት መስመር። ማንም ቁልፍ መሆኑን አይነቃም። ባለቤቴ ብቻ ነቅታለች፣ ምክንያቱ ሸሚዙ የኔ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ 28 ሚሊ ለማን ይሆናል? በወገን ከ20 እስከ 40 ሰው ለሚበቃው ትንሽ ግጭት። ዓድዋ ላይ የፊታውራሪ ገበየሁ የመጨረሻ ጥቃት፣ የድንበር ላይ ፍልሚያ፣ ዶጋሊ። ከዚያ ለሚበልጥ አልመክርም።

1/72፦ የኔ ምርጫ፣ ከነጣጣው

ይህ መጠን በሚሊ ሳይሆን በንፅፅር ነው የሚጠራው። እውነተኛው ሰው በ72 ይካፈላል። 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 24 ሚሊ ተኩል ገደማ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በለስላሳ ፕላስቲክ ይሠራል። ሃት፣ ኢታሌሪ፣ ዝቬዝዳ፣ ስትሬሌትስ የሚባሉት አምራቾች እዚህ ውስጥ ናቸው። አንድ ሣጥን ከ40 እስከ 50 እግረኛ ይይዛል፣ ክብደቱ ከአንድ ትልቅ ብርቱካን አይበልጥም። ይህን ክብደት ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሣጥን ስትመርጡ የወታደሩን ብዛት ሳይሆን የአቋቋሙን ብዛት ቁጠሩ። ባለ 48 ሆኖ አራት ዓይነት ብቻ ያለው አለ። ባለ 40 ሆኖ 12 ዓይነት ያለው ደግሞ አለ። ዩኒፎርም ለለበሰው ጠላት የመጀመሪያውን ግዙ። ለኛ ወገን ሁልጊዜ ሁለተኛውን። ዋጋው ቢበልጥ እንኳ።

ለስላሳ ፕላስቲክ አመለኛ ነው። ይተጣጠፋል፣ ቀለም አይይዝም፣ ተራ የፕላስቲክ ማጣበቂያም አይሠራበትም። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ቀባሁና ለጓደኛዬ ላሳይ በካርቶን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። ቀበሌው ስደርስ ካርቶኑን ከፈትኩት፤ የጦሮቹ ጫፍ ሁሉ ቀለሙ ተልጦ ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ አገኘሁት። የካርቶኑ ሥር ቡናማ ብናኝ ተጠራቅሟል። የሁለት ሳምንት ማታ ሥራ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ በሞቀ ውኃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባቸዋለሁ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸውና። በደንብ ይደርቃሉ። ከዚያ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥኜ አንድ ዙር። እሱ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሆንላቸዋል፣ አብሮ ይተጣጠፋል። በላዩ አክሪሊክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና ኮላ ወይም ቫርኒሽ። አሁን ባጃጅ አልፈራም።

አሥሩን በሁለት ምሽት እጨርሳለሁ። ዓይን አልቀባም፤ ከግንባሩ በታች ጥቁር ቡናማ ጥላ ብቻ። ጋሻ ካጠረኝ የቢሮ ወረቀት መብሻ ከወፍራም ካርቶን 6 ሚሊ ክብ ያወጣልኛል፣ ለዚህ መጠን ይበቃል። የዓድዋን ጦር በዚህ ብትሞክሩት ስምንት ወር ገደማ ነው። ሊታሰብ ይችላል።

6 ሚሊ፦ ጦርን እንደ ጦር ማየት

አንድ ጊዜ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ከታች ዓባይን የሚሻገሩትን ሰዎች አየሁ። ማን ምን እንደለበሰ አይታይም። መንጋው ግን ይታያል፤ የት እንደተጨናነቀ፣ ወዴት እንደሚፈስ። 6 ሚሊ ማለት ያ ነው።

ወታደሮቹ በአንድ ብጣሽ ብረት ላይ አራት አራት ሆነው ተቀልጠው ይመጣሉ። ባከስ የሚባለው አምራች አንድ ፓኬት ውስጥ 96 እግረኛ ያስገባል። እኔ አንዱን ብጣሽ በአሥር ደቂቃ እቀባለሁ፦ ሱሪና ሸማ ነጭ፣ ፊትና እግር ቡናማ፣ ጋሻ ጥቁር ቡናማ፣ ለጠብመንጃው አንድ ጭረት። ያ የ1,177 ሰው ዓድዋ ወደ 50 ሰዓት ይወርዳል።

የመመሳሰል ችግርም እዚህ ይጠፋል። ከአንድ ክንድ ርቀት ሁሉም ነጭ ለባሽ ሠራዊት ነው። በየመሐሉ አንዱን ሸማ ትንሽ ቢጫ፣ አንዱን ትንሽ ግራጫ ካደረጋችሁ ዓይን ይታለላል። በዚህ መጠን የአራቱን የጣሊያን ብርጌዶች መበታተን፣ የጄኔራል አልቤርቶኔን ወደፊት መቅደም፣ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ተነጥሎ መቅረት ጠረጴዛ ላይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ28 ሚሊ ይህን ለማሳየት የስታዲየም ሜዳ ያስፈልጋል።

ጉድለቱ ፍቅር ነው። እቴጌ ጣይቱን በ6 ሚሊ ሠርቼ ለእህቴ ልጅ ባሳየው «ይቺ ሩዝ ናት?» አለኝ። ልጁን አልወቅሰውም። ባልቻ መድፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ አያረካም።

ከነዚህ ውጭ ያሉትን በአጭሩ። 15 ሚሊ መሐል ሰፋሪ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ ዓይነት አለው። የምትጫወቱበት ጓደኛ 15 ካለው እናንተም 15 ግዙ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። 10 ሚሊ ለሚወዱት ይሁን። 54 ሚሊ ለመደርደሪያ ነው።

ከምን የተሠራ?

ብረት ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ጦሩ ግን ይጎብጣል። ከድሮ ሰብሳቢ የምትገዙት ከሆነ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በሞረድ ስትሞርዱ ብናኙን አትተንፍሱ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ፣ ልጆች አጠገብ አትሥሩ።

ደረቅ ፕላስቲክ በ28 ሚሊ በጣም ጥሩ ነው። ክንዱና ራሱ ተለያይቶ ስለሚመጣ እያንዳንዱን ሰው በሌላ ሁኔታ ማቆም ይቻላል። ለኛ ጦር ተመራጩ እሱ በሆነ ነበር። ግን ደረቅ ፕላስቲክ የሚሠራው ብዙ ገዢ ላለው ጦር ነው፤ ለናፖሊዮን፣ ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ለዙሉ። ከእነዚህ ራስና ክንድ እየዋሳችሁ ማደባለቅ ግን ትችላላችሁ። የዙሉን ረጅም ጋሻ ብቻ ጣሉት።

ሬዚን፣ ማለትም በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተመው፣ አሁን ብዙ ወጣት የሚያወራለት ነው። ዲዛይኑን በፋይል ገዝቶ እቤት ማተም። ሐሳቡ ያጓጓል፤ የፈለጉትን አቋቋም፣ በፈለጉት መጠን። ግን ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽታው ይከብዳል፣ ጓንትና አየር የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል፣ ታትሞ ሲወጣ በአልኮል ታጥቦ በልዩ ብርሃን ይደርቃል። ይህንን ሁሉ ብትችሉ እንኳ መብራቱ አለ። ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ህትመት አምስተኛው ሰዓት ላይ ሲቋረጥ የምታገኙት ከወገብ በታች የሆነ ሠራዊት ነው። ከዚያ ደግሞ ሬዚን ሲደርቅ ተሰባሪ ነው፤ ቀጭኑ ጦር ገና ስትነኩት ይቀነጠሳል። ጦሩን ቆርጣችሁ በቀጭን ሽቦ ተኩት፣ ለ28 ሚሊ 3 ሴንቲ ተኩል።

ወረቀት ደግሞ አለ። አትስቁ። ራሴ ሥዬ ማተሚያ ቤት በወፍራም ወረቀት አሳትሜ ቆርጬ ያቆምኳቸው ፈረሰኞች ከሁሉ የሚወደዱት ናቸው። ዋጋቸው ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ሕጉን ለመልመድ፣ ጨዋታው ይስማማኝ እንደሆነ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ቀድሞ በወረቀት መሞከር ብልህነት ነው። ውኃ ብቻ አይንካቸው።

ባሕር ዳር ድረስ እንዴት ይመጣል?

እውነቱን እንነጋገር። ምርጫችንን ግማሹን የሚወስነው ሻንጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ስንት ኪሎ ቦታ አለው? ለእናቱ መድኃኒት፣ ለእህቱ ጫማ፣ ለሁሉም ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። «ሁለት ኪሎ የእርሳስ ወታደር ያዝልኝ» ስትሉት ፊቱን ማየት ነው። «አራት ቀላል ሣጥን» ካላችሁት ግን ካልሲው መሐል ይሸጉጠዋል። ሣጥኑን ጥሎ በፌስታል ቢያመጣው ደግሞ ይብስ ይቀላል። ባለ 28 ሚሊ ብረት 100 ሰው ኪሎ ነው። በ1/72 አንድ ኪሎ ቦታ ውስጥ ክፍለ ጦር ይገባል።

በፖስታ የሞከርኩም ጊዜ ነበር። አንድ ሻጭ የማህዲስት እግረኛ አዝዤው ግመል ብቻ ላከልኝ። 12 ግመል። መመለሻው ከዋጋው በለጠ። አሁን ጓዝ ጭነው ከጦሩ ኋላ ይሄዳሉ፣ ለስንቅ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ትንሽ አዝዤ ሻጩን ሳልፈትን ብዙ አላዝዝም።

እዚሁ የሚገኘውን ግን ከውጭ አታስመጡ። አክሪሊክ ቀለም፣ የእንጨት ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ካተር ከጽሕፈት መሣሪያና ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል። ለመቆሚያው መሬት ከሐይቁ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ በሻይ ማጥለያ እነፋዋለሁ። ለሳር የደረቀ ደንገል በምላጭ ሸርክቶ መለጠፍ ነው፤ ታንኳ ከሚሠሩት ዘንድ ቁርጥራጩ ነፃ ነው። የቡና አተላም ጥሩ አፈር ይወጣዋል፣ ግን ፀሐይ ላይ አድርቁት። በክረምት ያልደረቀ አተላ ለጥፌ በነሐሴ ሠራዊቴ ሻጋታ አበቀለ።

ክረምት ካልን አይቀር፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ስፕሬይ ቫርኒሽ አትርጩ። አየሩ እርጥብ ነው። አንድ የሐምሌ ማለዳ 20 ፈረሰኛ በረንዳ ላይ ረጭቼ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ የጉም ልብስ ለብሰው ጠበቁኝ፤ ነጭ በነጭ። በብሩሽ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስደርብበት አብዛኛው ጠፋ። ሦስቱ ግን ጉም እንደለበሱ ቀሩ። በክረምት በብሩሽ፣ በበጋ በስፕሬይ።

ምን ገዝቼ ልጀምር ለሚለኝ

ብቻችሁን ከሆናችሁና ገና ካልጀመራችሁ ወረቀት አትሙ፣ ዶጋሊን ተጫወቱ። ወር ሳይሞላ ታውቁታላችሁ።

ከወደዳችሁት 1/72 ግዙ፣ ሣር ውኃን ወይም ጉራን። ለጠላት ወገን አንድ ዓይነት ሁለት ሣጥን፣ ለኛ ወገን ደግሞ ከተለያዩ አምራቾች ሦስት ሣጥን። ለአራት ሰው እሁድን የሚያውል ጦር ይወጣዋል። መቆሚያው ስፋት ላይ ከጓደኛችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። በአብዛኛው ሕግ የሚቆጠረው የመቆሚያው ስፋት ስለሆነ አንዱ በ4 ሴንቲ፣ አንዱ በ6 ሴንቲ ከለጠፈ ኋላ ማላቀቅ ነው።

መሪዎቹን ብቻ በ28 ሚሊ ሥሩ። ይህ የኔ ፈሊጥ ነው፣ የሚቃወሙኝ አሉ። ጦሩ 1/72 ሆኖ ንጉሡ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቆም ምን ችግር አለው? የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንም ንጉሡን ከወታደሩ አግዝፎ ነው የሚሥለው። ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለምድ አደረግሁላቸው፣ ጃንጥላ ያዥ አቆምኩላቸው፣ ከኋላቸው ጋሻ ጃግሬ። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ዓድዋን በሙሉ ለሚፈልግ 6 ሚሊ ነው፣ ከእሱ ሌላ አትሞክሩ።

ጋሼ ባለፈው እሁድ ተመልሰው መጡ። አዲሱን ሰልፍ ዞር ብለው አዩት። የሸሚዝ ቁልፉን ጋሻ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና ዝም አሉ። ከዚያ «ነጋሪቱስ?» አሉ። ነጋሪት የተጫነበት በቅሎ በየትኛውም መጠን እስካሁን አላገኘሁም። ከ12ቱ ግመሎች የሁለቱን ሻኛ በካተር ላነሳ ነው።